የጓሮ አበቦችን ለበጋው ውርጭ ማዘጋጀት፤ ለደሴና ለወሎ ደጋ ነዋሪዎች

«አበባዎን ለክረምት ያዘጋጁ» የሚል ምክር ከውጭ አገር ጽሑፍ እየተተረጎመ በስልካችን ላይ በብዛት ይደርሰናል። ምክሩ የተጻፈው ክረምት ማለት በረዶ በሆነበት አገር ስለሆነ ቃሉ እንጂ ነገሩ ወደ እኛ አልተሻገረም። በወሎ ደጋ ክረምት የዝናብና የጭቃ ወቅት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የአበባ ጠላቱ የተኛ ውሃና ቀንድ አውጣ እንጂ ውርጭ አይደለም። ቅጠል የሚያቃጥለው ብርድ የሚመጣው ዝናቡ ከራቀ በኋላ፣ ሰማዩ ጠርቶ አዝመራ በሚሰበሰብበት በበጋው ወራት ነው፤ እርሱም በአብዛኛው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ማለቂያ ይዘልቃል። ስለዚህ ዝግጅቱን በሰኔ የጀመረ ሰው በከንቱ ይደክማል፣ በታኅሣሥ የጀመረም ይዘገያል። ሥራው የመስከረምና የጥቅምት ሥራ ነው።

የምጽፈው በደሴ፣ በኩታበር፣ በቦሩ ሜዳ፣ በወረኢሉ፣ በለጋምቦ፣ በደላንታና እነርሱን በመሰሉ ደጋ ቦታዎች ጓሮ ላላቸው ሰዎች ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል። አራት ዲግሪ ለሰው አንድ ሹራብ መደረብ ወይም አለመደረብ ነው፤ ለጌራኒየም ግን በሕይወት ማደር ወይም ጠቁሮ ማደር ሊሆን ይችላል። የኮምቦልቻና የሐይቅ ሰው እንግዲህ ከዚህ ጽሑፍ ስለ ውሃና ስለ ጉዝጓዝ የሚናገረውን ብቻ ቢወስድ ይበቃዋል።

ውርጭ የሚያርፍበትን ቦታ ማወቅ

ከማንኛውም ዝግጅት በፊት ውርጭ በጓሮዎ ውስጥ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ አንዱ ጥግ ተቃጥሎ ሌላው ሳይነካ ያድራልና። ምድር ቀን ከፀሐይ የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊቱን ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ ከሙቀቱ ከፊሉን ይመልሰዋል፣ ነፋስ ካለም ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ያደባልቀዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት ግን ሙቀቱ ሳይመለስ ይሄዳል፤ ሰማይን ፊት ለፊት የሚያየው ቅጠልም በዙሪያው ካለው አየር የበለጠ ይቀዘቅዛል። የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በላይ 2 ወይም 3 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ቅጠል ላይ አመዳይ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ብርዱ የሚበረታውም እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትወጣ ባለው ጊዜ ነው።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፣ ያገደው ነገር ሲያገኝም ይጠራቀማል። ለዚህ ነው ቦሩ ሜዳን በመሰለ ሜዳ ላይ ያለ አትክልት ከበላዩ ካለው ተዳፋት ይልቅ በውርጭ የሚጎዳው። ሰው ሁሉ «ከፍታ ቦታ ይበርዳል» ብሎ ስለሚያስብ ይህን ለመቀበል ይቸገራል፤ እኔም በራሴ ግቢ እስካየው ድረስ አላመንሁም ነበር። ግቢያችን ተዳፋት ሲሆን በታችኛው ጫፍ የድንጋይ አጥር አለው። ከአጥሩ ሥር የተከልኋቸው ዳሊያዎች በየዓመቱ ከሁሉ ቀድመው ሲጠቁሩ፣ በላይኛው በኩል ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ያሉት ግን እስከ ገና ድረስ ያብቡ ነበር። በኋላ ከአጥሩ ሥር ሁለት ድንጋይ አንሥቼ ቀዝቃዛው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ብተው ጉዳቱ ቀለል አለ። ቀዳዳው የጎረቤት ዶሮዎች መግቢያም ስለሆነ በሽቦ መክደን ነበረብኝ፤ አየሩ በሽቦው መካከል ያልፋል።

ቦታውን ለመለየት የሚያገለግል ወጪ የሌለው ዘዴ አለ። በጥቅምት መጨረሻ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ምሽት ሦስት ወይም አራት ጠፍጣፋ የብረት ሳህኖች ላይ ጥቂት ውሃ አድርገው በጓሮው የተለያዩ ጥጎች መሬት ላይ ያስቀምጡ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጥተው በጣትዎ ውሃውን ይንኩት። አንዱ ሳህን ላይ እንደ ስስ መስታወት የረጋ ነገር ሲሰበር ከሰሙ የውርጩን መኝታ አግኝተውታል ማለት ነው። ለብርድ የሚሳሱ አበቦች ከዚያ ቦታ መራቅ አለባቸው።

ከመስከረም እስከ ኅዳር መጀመሪያ

በመስከረም የመጀመሪያው ሥራ ፍግ መስጠት ማቆም ነው። ፍግም ሆነ ዩሪያ ተክሉን ለምለምና ውሃ የበዛበት አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ይገፋፋዋል፤ ውርጭ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚያጠፋው እንዲህ ያለውን ቀንበጥ ነው። የመጨረሻው ፍግ በሐምሌ፣ ቢዘገይ በነሐሴ መጀመሪያ መሰጠት አለበት። ከግሸን ማርያም ንግሥ፣ ማለትም ከመስከረም 21 በኋላ የሚሰጥ ፍግ ለአበባው ሳይሆን ለውርጩ የተዘጋጀ ምግብ ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራ መጠባበቂያ ማዘጋጀት ነው። ጌራኒየም ከደቡብ አፍሪካ የመጣ፣ ውርጭ የማይችል ተክል ስለሆነ፣ አሮጌው ቢሞት የሚተካው ልጅ በመስከረም መነሣት አለበት። ከጤናማ ቅርንጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አራግፈው፣ ቁርጡ እንዲደርቅ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ያሳድሩት፤ ከዚያም ከሥሩ በምስማር በተበሳ የድልህ ጣሳ ውስጥ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ይትከሉት። ጣሳውን በመስኮት አጠገብ ማቆየት ይበቃል። ውሃ ማብዛት ግንዱን ስለሚያጠቁረው አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ብቻ ጥቂት ማጠጣት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ጉዝጓዝ መሰብሰብ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን በየግቢው ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የሚታወስ ስለሆነ ማንም እንዲተወው አልመክርም። ነገር ግን በየዓመቱ የማየው፣ ከእውነተኛው ቆሻሻ ጋር የወደቀ ደረቅ ቅጠል፣ የታጨደ ሣርና የባቄላ ገለባ ሁሉ አብሮ ሲነድ ነው። ይህ ሁሉ በማግሥቱ ለአበባው ሥር የሚፈለግ ልብስ ነው። ስለዚህ ከኅዳር 12 በፊት ደረቁን ቅጠል ለይተው በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው ጎተራ ሥር ወይም ኩሽና ጀርባ ያስቀምጡት። በሽታ የነበረባቸው፣ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ የወጣባቸው የጽጌረዳ ቅጠሎች ግን ይቃጠሉ፤ እነርሱን ማስቀመጥ በሽታውን ለበልግ ማቆየት ነው።

ለጉዝጓዝ ሁሉም ነገር እኩል አይሆንም። የጤፍ ጭድ በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ጭድ የከብት ቀለብና የጭቃ ማቡኪያ በሆነበት አገር ለአበባ መስጠት ለእኔ ብክነት ነው። የባቄላና የአተር ገለባ፣ ዘር ሳይዝ የታጨደ ሣርና የወደቀ የጥላ ዛፍ ቅጠል በቂ ናቸው። የስንዴ ገለባ የሚጠቀም ሰው ፍሬው በደንብ የተወቃ መሆኑን ካላየ በመጋቢት የአበባ መደቡ የስንዴ ማሳ ይሆንበታል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ከሁሉ በብዛት የሚገኝ ቢሆንም የሌሎችን ተክሎች እድገት የሚያቀጭጭ ነገር ስላለው ከአበባ ሥር መራቅ አለበት።

ጉዝጓዙ ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ በአራት ጣት ውፍረት ይነጠፋል። ከግንዱ ግን አንድ መዳፍ ያህል ይርቃል፤ ግንድ ላይ የተከመረ ገለባ ሻጋታ ያመጣል፣ የአይጥ ቤትም ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ደረቅ ጉዝጓዝ ምድር ቀን ሙቀት እንዳትሰበስብ፣ ሌሊትም የያዘችውን ወደ ላይ እንዳትለቅ ስለሚያግድ፣ ሥሩን ያድናል እንጂ ከላይ ያለውን ቅጠል ከውርጭ አያድንም። ስለዚህ ቅጠሉን ማቆየት ለሚፈልጉት ተክል በብርቱ ውርጭ ሰሞን ጉዝጓዙን ወደ ጎን ገፋ አድርገው አፈሩን ለፀሐይ መግለጥ ይመረጣል።

የሚተኙና የማይተኙ

ውሃ የማጠጣቱ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ ምክንያቱም የጓሮ አበቦች በበጋ በሁለት ስለሚከፈሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት እንክብካቤ ማድረግ ግማሾቹን ይገድላል። አንዱ ወገን ከላይ ደርቆ በሥሩ የሚተኛ ነው። ሌላው ወገን ቅጠሉን እንደያዘ ብርዱንና ድርቁን የሚጋፈጥ ነው።

ከሚተኙት ለእኛ የቅርቡ እንሶስላ ነው። ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀልሙበት የዚህ ተክል ሥር ድንች መሰል ነው፤ በክረምት በጥላ ሥር ለምለም ሆኖ አድጎ፣ ጉሮሮው ሐምራዊ የሆነ ነጭ አበባ አውጥቶ፣ በጋው ሲበረታ ግንዱ ወድቆ ከዓይን ይጠፋል። አያቶቻችን እንሶስላ በታኅሣሥ ሲጠፋ አልደነገጡም፣ ውሃም አላፈሰሱበትም፤ ዝናብ ሲመጣ እንደሚመለስ ያውቁ ነበር። የዳሊያም ጠባይ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የትውልድ አገሩ የሜክሲኮ ደጋ ሲሆን፣ እዚያም እንደ እኛ የዝናብ ወራትና ደረቅ የብርድ ወራት ስለሚፈራረቁ ሥሩ በደረቅ አፈር ውስጥ መተኛት ለምዷል። በብርዳማ አገሮች ዳሊያ በየዓመቱ ተቆፍሮ ቤት የሚገባው አፈሩ ጠልቆ ስለሚረጋ ነው። በደሴ ብርዱ የአፈሩን ገጽ እንጂ ጥልቁን ስለማያረጋው ሥሩን ማውጣት አያስፈልግም። ውርጭ ግንዱን ካጠቆረው በኋላ ከመሬት አንድ ስንዝር አስቀርተው ይቁረጡ፣ አፈር ያስታቅፉት፣ ጉዝጓዝ ያልብሱት፣ ከዚያም እስከ የካቲት ውሃ አይስጡት። ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ያለ ዳሊያ ብቻ ተነቅሎ፣ አፈሩ ተራግፎ፣ በደረቅ አሸዋ ወይም በሰጋቱራ በተሞላ ካርቶን ውስጥ በጨለማ ቦታ ቢቀመጥ ይሻላል።

ሴት አኩሪ በመካከል ናት። ቅጠሏ በቀላሉ በውርጭ ይነድዳል፣ ሥሯ ግን ጠንካራ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጆግ ውሃ ካገኘች በበልግ ከማንም ቀድማ ትነሣለች። በታኅሣሥ የምትሰጠው መልክ ስለማያምር ሰው ይቆርጣታል፤ የሚቆርጥ ቢያንስ እስከ ጥር መጨረሻ ይታገሥ።

የማይተኙት ጽጌረዳ፣ ጌራኒየም፣ ሃይድራንጃና ነጩ ጥሩምባ መሰል አበባ ናቸው። እነዚህን በወሎ በጋ ከብርዱ ያላነሰ ድርቁ ይገድላቸዋል። ቀን ፀሐዩ ብርቱ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ቅጠሉ ውሃ ሲያጣ ይውላል፤ ሌሊት ውርጭ ሲመጣ የተጠማ ተክል ያገኛል። ከዚህም በላይ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ የቀንን ሙቀት ብዙ ይይዛል፣ ሌሊትም ቀስ እያለ ይለቀዋል። ስለዚህ ለእነዚህ አበቦች ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ እግር አንድ ባልዲ ውሃ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሥሩ ላይ ብቻ ይሰጣል። ጥቂት ጥቂት በየቀኑ መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ስለሚስበው ከድርቁ የባሰ ጉዳት አለው። ማታ ቅጠል ላይ ውሃ ማርከፍከፍ ለአመዳዩ ማረፊያ ማዘጋጀት ነው።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣልን ሰዎች በሳምንት አንድ ባልዲ ለእያንዳንዱ እግር ማለት ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኔ የምጠቀመው አትክልት የታጠበበትን ውሃና የልብስ የመጨረሻ እጣቢ ነው። ሳሙናው የሚያረፋውን የመጀመሪያውን ውሃ አበባ ላይ መድፋት ግን በውስጡ ያለው ጨው አፈሩን እየደፈነ ስለሚሄድ አይጠቅምም። ውሃው ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ደግሞ ምርጫ ማድረግ ይሻላል፤ አሥር ጽጌረዳ በግማሽ ጥም ከማሳደር ስድስቱን አጥግቦ አራቱን ለሰው መስጠት ይበጃል።

ሆስታ ያለዎት እንደሆነ

ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶች አልፎ አልፎ የሚያመጡት ሆስታ የሚባል ሰፋፊና ሸንተረራም ቅጠል ያለው የጥላ ተክል አለ። የትውልድ አገሩ ጃፓን፣ ኮሪያና ቻይና ነው። ተክሉ የሚወደደው ለአበባው ሳይሆን ለቅጠሉ ስለሆነ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲወድቅ ባለቤቱ ሞተ ብሎ ይጥለዋል። አልሞተም፤ እንደ እንሶስላ ተኝቷል።

በአገሩ ያለው አሠራር፣ የመጀመሪያው ብርቱ ውርጭ ቅጠሉን ካረገፈው በኋላ ከመሬት አጠገብ ቆርጦ ማንሣት ነው፤ የበሰበሰው ቅጠል ቅርፊት ለሌለው ቀንድ አውጣ እንቁላል መጣያ ይሆናልና። ከዚያ አፈሩ ከረጋ በኋላ ጉዝጓዝ ይደረግለታል፤ ዓላማውም ማሞቅ ሳይሆን አፈሩ እየረጋና እየቀለጠ ሥሩን ወደ ላይ እንዳይገፋው ማድረግ ነው። ይህ የመጨረሻው ችግር በእኛ አፈር የለም። ስለዚህ ከዚያ ምክር የሚወሰደው ወዳድቆ የላሸቀውን ቅጠል ማንሣቱ ሲሆን፣ ጉዝጓዙ እርጥበት እንዲጠብቅ ብቻ ሳሳ ብሎ የሥሩን አናት ሳይሸፍን ይደረጋል።

ሆስታ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር ግን ብርዱን የሚፈልገው መሆኑ ነው። ለጥቂት ሳምንታት በደንብ ቀዝቅዞ ካልተኛ በሚቀጥለው ዓመት የሚያወጣው ቅጠል እያነሰ፣ ተክሉም እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ አዝነውለት ማሰሮውን ሳሎን ውስጥ አያስገቡት። ዝናብና ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው፣ በግቢው ውስጥ ከሁሉ በሚቀዘቅዘው ጥላ ቦታ፣ ለምሳሌ ከቤቱ በስተሰሜን ባለው ግድግዳ ሥር ያስቀምጡት፤ አፈሩ ፈጽሞ እንዳይደርቅ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ጥቂት ውሃ ይስጡት። ኮምቦልቻ ላለ ዘመድዎ ቆርሰው ከመስጠትዎ በፊት ግን ያስቡበት፤ እዚያ የሚተኛበትን ብርድ አያገኝም።

ውርጭ በሚያሰጋበት ምሽት

ውርጭ የሚወርድበትን ሌሊት አስቀድሞ ማወቅ አይከብድም። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ደመና የሌለው ሰማይ፣ የቆመ ነፋስና ደረቅ አየር ከተገናኙ፣ ካለፈው ሌሊትም አመዳይ ከነበረ፣ ዛሬም ይደገማል ማለት ነው። ደመና ከገባ መሸፈን አያስፈልግም።

መሸፈኛው የመግሪብ አዛን በሚሰማበት ሰዓት፣ ምድር ገና ሙቀቷን ሳትጨርስ መልበስ አለበት፤ ከእራት በኋላ ያስታወሰ ሰው የሚሸፍነው ብርዱን ነው። አሮጌ አንሶላ፣ ጆንያ፣ ያረጀ ጋቢ ሁሉ ይሆናል። ትልቁ ነጥብ መሸፈኛው እስከ መሬት መውረድና ጠርዙ በድንጋይ መያዝ ያለበት መሆኑ ነው። ብዙ ሰው የአበባውን ራስ በጨርቅ ጠቅልሎ ጨርቁን ግንዱ ላይ ያስረዋል፤ ይህ ከታች ከአፈሩ የሚመጣውን ሙቀት ስለሚያግድ የተሸፈነውም ያልተሸፈነውም አንድ ይሆናል። ሦስት ችካል ተክሎ ጨርቁን በእነርሱ ላይ መዘርጋት ቅጠሉ ጨርቁን እንዳይነካ ይረዳል። ለትንንሽ ችግኞች ሥሩ የተቆረጠ የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ጥሩ ቤት ነው፤ ቀን ክዳኑ ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል።

ላስቲክ መጠቀም ካለብዎ ቅጠሉን እንዳይነካ አድርገው በችካል ላይ ይዘርጉት፣ ጠዋትም ፀሐይ እንደነካው ያንሡት። አንድ ጊዜ ለሥራ ተቻኩዬ ስወጣ በላስቲክ የሸፈንኋቸውን ሁለት ጌራኒየሞች ረስቼ፣ ከቀትር በኋላ ስመለስ ከውርጭ የተረፉትን በእንፋሎት ተቀቅለው አገኘኋቸው። ሽታቸው የተቀቀለ ጎመን ይመስል ነበር።

ጭስ ስለማጨስም እጠየቃለሁ። ጭስ ምድር የምትለቀውን ሙቀት የሚመልስ ጣሪያ አይሆንም፤ ጥቂት የሚረዳው እሳቱ ራሱ የሚሰጠው ሙቀት ነው፤ እርሱም በአንድ ግቢ ስፋት ከምንም አይቆጠርም። ጎረቤትን ከማስነጠስ ይልቅ አንድ ጆንያ መዘርጋት ይሻላል። ግድግዳን ማስጠጋት ግን በእርግጥ ይሠራል፤ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልሳል። ጎረቤቴ እትዬ በዚህ በደሴ ብርድ ከኩሽናቸው ግድግዳ አስጠግተው አንድ እግር ቡና አሳድገዋል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ አሮጌ ጋቢ ያለብሱታል። የሚለቅሙት ፍሬ አንድ ስኒ ቡና የሚያወጣ አይመስለኝም፤ እርሳቸው ግን ጋቢውን አንድም ቀን ረስተው አያውቁም።

ከተመታ በኋላ

ውርጭ የመታው ቅጠል ጠዋት በጠርዙ ዙሪያ ነጭ አቧራ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ደም ሥሮቹ ላይ ደግሞ ከስኳር የደቀቀ ነገር ያብለጨልጫል። ሲነኩት ደርቆ ይሰበራል። ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን ያው ቅጠል ውሃ እንደነካው ወረቀት ላልቶ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይንጠለጠላል። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው መቀስ ነው። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት በታኅሣሥ መጀመሪያ ጽጌረዳዎቼ ሲጠቁሩ፣ የተቃጠለውን ሁሉ ቆርጬ ግቢውን አጸዳሁ። እትዬ በአጥሩ ላይ አይተውኝ «ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ? ሥሩ እኮ ገና አልሞተም» አሉኝ፤ እኔም ፈገግ ብዬ ቀጠልሁ። በታኅሣሥ የእኛ ቀን ፀሐያማና ሞቃት ነው። የተቆረጠ ተክል ይህን ሙቀት ሲያገኝ በልግ የገባ መስሎት በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀይ ለጋ ቀንበጥ አወጣ፤ የጥር ውርጭ መጥቶ እርሱን አቃጠለ፤ ተክሉም በሥሩ ያስቀመጠውን ስንቅ በዚያ ቀንበጥ ላይ ስለጨረሰ ከስድስቱ ጽጌረዳዎች ሁለቱ አልተነሡም። በውጭ አገር ጽሑፍ ከውርጭ በኋላ ቁረጡ የሚባለው ከዚያ በኋላ ለወራት ሙቀት ስለማይመጣ ነው። በእኛ አገር ግን ሌሊቱ የብርድ፣ ቀኑ የሙቀት ስለሆነ የደረቀው ቅጠል በግንዱ ላይ መቆየት አለበት፤ ከሥሩ ላለው ቡቃያ ጥላም መከላከያም ይሆነዋል። ለዓይን አያምርም። ከመንገድ በኩል የሚታይ ከሆነና እንግዳ የሚያሳፍር ከመሰለዎት የአበባውን የደረቀ ራስ ብቻ ያንሡ።

ከውርጩ በኋላ ባለው ጠዋት ማድረግ የሚገባው ጥቂት ነው። የማለዳ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ተክል የረጋው ቅጠሉ በፍጥነት ስለሚቀልጥ የበለጠ ስለሚጎዳ፣ በምሥራቅ በኩል ጆንያ ሰቅለው እስከ 3 ሰዓት ያህል ጥላ ያድርጉለት። አፈሩ ከደረቀ ረፋዱ ላይ ውሃ ይስጡት። ፍግ አይስጡት፤ የታመመን ሰው በጮማ እንደማይቀበሉት ሁሉ።

መቀሱ የሚነሣው በየካቲት፣ ለሁለት ሳምንት ያህል አመዳይ ሳይታይ ካለፈ በኋላ ነው። በወሎ ብዙ ቦታ የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ስለሚጠበቅ፣ የሚቆረጠው ተክል ከቁርጡ በኋላ ውሃ ያገኛል። በለጋምቦና በጉጉፍቱ ያሉ ከፍተኛ ቦታዎች እስከ የካቲት መጨረሻ ቢታገሡ ይሻላል። በጽጌረዳ ግንድ ላይ የት እንደሚቆረጥ ለማወቅ ከጫፉ ጀምረው ልጡን በጥፍርዎ ፋቅ ፋቅ እያደረጉ ወደ ታች ይውረዱ። ከልጡ በታች ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል፤ አረንጓዴና እርጥብ የሆነበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ከዚያ ጣት ያህል ዝቅ ብለው፣ ወደ ውጭ ከሚያይ ቡቃያ በላይ በሰያፍ ይቁረጡ። ከጫፍ እስከ መሬት ቡናማ ሆኖ ያገኙትንም ቶሎ አይንቀሉት፤ ከመሬት በታች ያለው ሥር ሕያው ሊሆን ስለሚችል በሳምንት አንድ ጆግ ውሃ እየሰጡ እስከ ሚያዝያ ይጠብቁት። ነገር ግን ቡቃያው ጽጌረዳው ከሌላ ሥር ጋር ከተጋጠመበት ቦታ በታች ከወጣ የሚያብበው የመጀመሪያው ጽጌረዳዎ ሳይሆን የተዳቀለበት የዱር ሥር ነውና ለመንቀል አይሳሱ።

በልጉ ቢዘገይ ቁርጡን አያዘግዩ፤ ውሃውን በባልዲ ይተኩ፣ ፍጉን ግን የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን እስኪያርስ ድረስ ያቆዩት።